ለእማዬ፣ ከፓሪስ

እማዬ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የአይን ጠብታው ካለቀ ለወንድሜ ንገሪው፣ ዛሬውኑ ብር እልካለሁ።

በቴሌግራም የላክኩልሽን ስዕል አይተሽ "ይቺ ደሞ የማን ልጅ ናት" አልሽ አሉኝ። የፈረንሳይ እረኛ ናት፣ ሚሌ የሚባል ሰው በፈረንጆች 1862 የሠራት። በጎቿን እየጠበቀች ሹራብ ትሠራለች፣ አንቺ ከብት እየጠበቅሽ ትፈትዪ እንደነበረው ማለት ነው። በብሩሽ የተሳለች እንዳትመስልሽ፣ ዝርግ መዳብ ሰም ይቀባና በመርፌ ይጫራል፣ ከዛ አሲድ ውስጥ ሲገባ የተጫረውን ብቻ ይበላዋል፣ እሱ ውስጥ ቀለም ሞልተው እርጥብ ወረቀት ደርበው በማተሚያ ይጫኑታል፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ይወጣል። ሠዓሊ ጓደኛው ዣክ ደሞ የሚስለው ሁሉ በግ ነው፣ ዶሮም ያረባ ነበር፣ ስለ ዶሮ መጽሐፍ ሁሉ ጽፏል፣ ካንቺ ጋ ቢገናኝ ወሬያችሁ አያልቅም። በ1849 ፓሪስ ኮሌራ ሲገባ ሁለቱም ቤተሰባቸውን ይዘው ባርቢዞን የምትባል ጫካ ዳር ያለች መንደር ገቡ፣ ሚሌ እዛው ኖሮ እዛው ሞተ።

ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ትልቁ በቁመት በልጦኛል፣ ትንሿ አማርኛዋ ይሰባበራል ግን "አያቴ መቼ ነው ምትመጣው" ስትል ጥርት አድርጋ ነው።

እማዬ፣ ሚሌ ኖርማንዲ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው። አያቱ በ1851፣ እናቱ በ1853 ሲሞቱ አልደረሰም። እናቱ መጥቶ እንዲያያት ስትጠብቅ ስትጠብቅ ነው ያለፈችው፣ እሱ የመሄጃ ገንዘብ አጥቶ ነው ይባላል። እኔ ግን የአባዬ ጊዜ ገንዘብ ነበረኝ። በሰው አገር ብቻዋን እንዳትደነግጥ ብላችሁ አርባው ካለፈ በኋላ አረዳችሁኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ላልወቅስሽም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፣ ግን እወቅስሻለሁ እማ። በዛ ወር ስደውል "አባትሽ ቤተክርስቲያን ነው" ስትዪኝ አምኜሽ ስልኩን እዘጋ ነበር እኮ።

አሁን ደሞ ወንድሜ "ምርመራው ደህና ነው" ይለኛል፣ ቶሎ ብሎ ወሬ ይቀይራል። እባክሽ ሐኪሙ ያለሽን አንቺው በአፍሽ ንገሪኝ፣ ከፍቶም ከሆነ ከፍቷል በይኝ። እኔ ትኬት መቁረጥ የምፈልገው አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ቡና ላፈላልሽ ነው፣ ለቅሶ ለመድረስ አይደለም። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ ሁሉንም ገጽ። ማታ እደውላለሁ፣ ስልኩን ቻርጅ አስደርጊው።