ካሜራውን ከመሸጥህ በፊት

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነ! እኔ እዚህ አዲስ አበባ ከሰርግ ወደ ምርቃት ስሮጥ፣ አንተም እዚያ ባሕር ዳር በሥራ ስትወጠር ጊዜው እንዲሁ ነጎደ። የሆድ የሆዳችንን የምናወራው ብዙ አለ። እሱን ስንገናኝ። ዛሬ ያስቸኮለኝ ሌላ ነገር ነው።

እህትህ ደውላ ካሜራህን ልትሸጠው መሆኑን ነገረችኝ። ሰርግ መሃል ስታክ እያደረገ አስቸግሮታል አለች። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ቀጥ ብሎ፣ ባትሪውን ነቅለህ እስክትመልስ ኬኩ ተጎርሶ አለቀ። ይህን ስሰማ በጣም አዘንኩ። ያንን ካኖን 5ዲ ማርክ ስሪ ለመግዛት ምን ያህል እንደደከምክ አውቃለሁ። «ከዚህ በኋላ ፎቶ በቃኝ» ማለትህ ደግሞ ከሁሉም በላይ ከነከነኝ። እባክህ፣ ጥር ገብቶ ሰርጉ ሳይደራረብብህ የምጽፍልህን ሞክር። መሸጡ የትም አይሄድም።

ዋናው ጥያቄ «መቼ ነው የሚቆመው?» የሚለው ነው። ጥገና ቤት ወስደህ «ስታክ ያደርጋል» ብቻ ካልካቸው በቀጥታ ቦዲውን፣ ማለትም የካሜራውን አካል መፍታት ነው። የሚቆምበት ሰዓት ግን ሳይፈታ ብዙ ይናገራል። እህትህ እንደነገረችኝ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ምንም አይልም። የሚያስቸግረው 9 ሰዓት ላይ ጣና ዳር ስትወርዱና ማታ አዳራሽ ውስጥ ነው። እውነት እንዲህ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ካሜራውን ሳይሆን ፎቶው የሚቀመጥበትን ሚሞሪ ካርድ ነው።

ለምን መሰለህ? ገበያው ላይ ፌክ ካርድ ሞልቷል። ላዩ ላይ 64 ጊጋ ይላል፤ ውስጡ ግን 8 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ካሜራው የተጻፈውን አምኖ ይጽፋል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶዎቹ ግማሽ ግማሻቸው ግራጫ ሆነው ይወጣሉ፣ ወይም ካሜራው «ኤረር 02» ብሎ ይቆማል፣ ወይም ጭራሽ ምንም ሳይል ይደርቃል። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት መታመም ማለት ይኸው ነው። ደግነቱ መፈተኛ አለው። ለዊንዶውስ ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw)፣ ለማክ ደግሞ ኤፍስሪ (F3) የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ካርዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉትና መልሰው ያነቡታል። ውሸቱ ካለ ወዲያው ይወጣል። ጊዜ ስለሚወስድ ማታ ከፍተህለት ተኛ። ታዲያ ፎቶዎቹን አስቀድመህ ገልብጥ።

ሙቀቱ ነው የሚሉህም ይኖራሉ። ዓይንህን አስጠግተህ በቪውፋይንደሩ ቀዳዳ እያየህ ፎቶ ስታነሳ ግን ይህ ካሜራ እስከዚያ አይግልም። የሚግለው በስክሪን እያየህ ስትሠራና ቪዲዮ ስትቀርጽ ነው። ሲግልም ስክሪኑ ላይ የቴርሞሜትር ምልክት ያሳይሃል፣ መጀመሪያ ነጭ፣ ሲብስ ቀይ። ምልክቱን ካላየህ ሙቀቱን ተወው። ቪዲዮው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ከቆመም አትደንግጥ። ገደቡ ነው፣ ሲሠራም እንዲሁ ነው የተሠራው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ከስታክ ጋር የሚያደባልቀውን ላንሳልህ። ይህ ካሜራ በ2012 ሲወጣ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ይዞ ነው፣ አንዱ ሲኤፍ ለሚባለው ትልቁ ካርድ፣ አንዱ ኤስዲ ለሚባለው ትንሹ። የሲኤፉ ፈጣን ነው። የኤስዲው ግን ዩኤችኤስ የሚባለውን ፈጣን መስመር አያውቅም። የፈለገውን ያህል ውድ ኤስዲ ብትከትበት በሰከንድ 20 ሜጋባይት አካባቢ ነው የሚጽፈው። አንድ ሮው፣ ማለትም ጥሬ ፎቶ ደግሞ 27 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንተ በሰከንድ 6 ትለቅበታለህ፣ እሱ አንዷን እንኳ በሰከንድ አይጨርስም። ለጥንቃቄ ብለህ ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ካዘዝከው ፈጣኑ ካርድ ቀርፋፋውን ይጠብቃል። በሰፊ በር የገባ ሕዝብ በጠባብ በር ሲወጣ እንደማለት ነው። ያኔ ቪውፋይንደሩ ውስጥ «ቢዚ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ከኋላ በስተቀኝ ያለችው ቀይ መብራትም ትበራለች። ቁልፉን ብትጫነው አይመልስም።

ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ልለምንህ። ያቺ ቀይ መብራት እየበራች ባትሪ አትንቀል! ካሜራው አልሞተም፣ እየጻፈ ነው። ትንሽ ብትታገሠው ይነቃል። ከነቀልከው ግን በመጻፍ ላይ ያሉት ፎቶዎች ይጠፋሉ፣ ካርዱም ሊበላሽ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሰርግ ደግሞ እውነተኛው ስታክ ይመጣል። ስለዚህ ሮውን ሲኤፉ ላይ፣ ጄፔጉን ኤስዲው ላይ አድርገው። ጄፔግ ቀላል ስለሆነ ኤስዲው ብዙ አይቸገርም፣ አንተም ሁለት ቅጂ ይኖርሃል። እኔ ሰርግ ላይ ከዚህ ውጪ አልሠራም።

ኤስዲ ስትገዛም በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታልህ። 170 የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያው ፍጥነት ነው። የምትፈልገው መጻፊያውን ነው። «ቪ30» የሚል ካለበት ቢያንስ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ይጽፋል ማለት ነው፤ ለአንተ ማስገቢያ ከበቂ በላይ ነው። ፎቶዎቹን ገልብጠህ ስትጨርስ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ከመደለት እዚያው ካሜራው ላይ ፎርማት አድርገው።

ካርዱ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወደ ባትሪው እለፍ። ሜኑው ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚል አለ፣ ክፈተው። ሦስት አረንጓዴ ካሳየህ ባትሪው ጤነኛ ነው። አንድ ቀይ ከሆነ አርጅቷል፣ ቀይረው። ከካሜራው ሥር የሚገጠመውን የባትሪ መያዣ፣ ግሪፑን የምትጠቀም ከሆነ አውልቀህ ሞክረው፣ የላላ ግሪፕ ካሜራውን ድንገት ያጠፋል። «ኤረር 01» ካየህ ደግሞ ሌንሱና ቦዲው አልተግባቡም ማለት ነው። ሌንሱን አውልቅና ከኋላው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጋቸው። የጣና ዳር አቧራና የእጅ ላብ እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው። በላጲስ የሚፈትጉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይገባል።

ይህን ሁሉ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሞክረው እንጂ ሰርግ ላይ አይሁን። አንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ካርዱንም ባትሪውንም ሌንሱንም ባንዴ ከቀየርክ፣ ቢድንልህ እንኳ ምን እንዳዳነው አታውቅም። ሁሉም ተሞክሮ «ኤረር 20» ወይም «30» እያለ ከቀጠለ ግን ያኔ ሸተሩ፣ ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ ተጠርጣሪ ነው። 150,000 ጊዜ እንዲሠራ የተሰላ ነው። የአንተም ብዙ ሰርግ አይቷል። እሱ ካሜራ መሸጥ አያስፈልገውም፣ ሸተሩ ብቻ ይቀየራል። የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፣ እኔው እወስድልሃለሁ።

የዚያ ሰርግ ፎቶ የጠፋበት ካርድ አሁንም እጅህ ላይ ካለ ምንም አታንሳበት፣ ፎርማትም አታድርገው። ፎቶሬክ (PhotoRec) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ የጠፋውን ብዙ ጊዜ ያወጣል። የኬኩ ባይገኝ እንኳ የቀረውን ለሙሽሮቹ ታደርስላቸዋለህ።

ቅዳሜ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ዘመድ አለኝ። የፈተሽኩትን አንድ ሲኤፍ ካርድ በእሱ እልክልሃለሁ፣ እስከ ጥር ማብቂያ ይዘኸው ቆይ። ፈትሸህ እንደጨረስክ ደውልልኝ፣ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው