በማኅበሩ ቀን ዝም ስላልኩት ነገር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለቤቲ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ አንዳችን እንቆጣለን፤ ደግሞም ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ያስቆጠርኩሽ ፊደል እንዳይዝግብሽ ብዬ ነው። ያልገባሽ ቃል ካለ አስምሪበትና እናትሽን ጠይቂ። ዓመቱን እንዲቀልሽ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ አንዱን ብቻ በኛ ካልጠራሁት አፌ ላይ አይመጣልኝም።

ያን እሑድ መኪናሽ ውስጥ ሆነሽ የላክሽልኝን መልእክት አልሰረዝኩትም። «አባቢ፣ ከጋሼ ደረጀ ንግግር በላይ ያናደደኝ ያንተ ዝምታ ነው» ይላል። ሦስት ሌሊት እየተነሳሁ አየሁት።

የምድር መሞቅ ክርክሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ባርከው ሄደዋል፣ ውጭ በረዶው ይወርዳል። ጋሼ ደረጀ በመስኮት እያየ «ዓለም ጋለች ይሉናል፤ እኔ ሦስተኛ ካልሲ ደርቤያለሁ!» አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር። አንቺ ግን ሳትስቂ ስለ ካርቦን ማስረዳት ጀመርሽ፤ አማርኛው ሲያጥርሽ ወደ እንግሊዝኛ ዞርሽ። እማማ አስካለ «ልጄ፣ ይሄ የኃጢአታችን ዋጋ ነው፤ ሰማዩን የሚያዝዘው አንድ ነው» አሉሽ። ጋሼ ደረጀ ደግሞ «የዴሞክራቶች ግብር መሰብሰቢያ ነው እንጂ ሰው ሰማይ ማሞቅ ይችላል?» አለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔ ዳቦውን እየቆረስኩ «ተይ በቃ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል» አልኩሽ።

እዚያ ቤት ውስጥ እውነቱ ካንቺ ጋር ነበር፤ ምድር እየሞቀች ነው፣ የሚያሞቃትም ሰው ነው። ይህን በእጅ ጽሑፌ እንዲኖርሽ ፈልጌ ነው።

ዝም ያልኩት ግማሹ በይሉኝታ ነው። በዲቪ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበለኝ ጋሼ ደረጀ ነው፤ ስምንት ወር ቤዝመንቱ ውስጥ አኑሮኝ አንድ ቀን የኪራይ ስም አላነሳብኝም። በገዛ ቤቱ፣ ዳቦውን እየበላሁ፣ በልጄ አፍ ላሳፍረው አልፈለግሁም። ሌላው ግማሽ ግን ነውሩ የራሴ ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደሱ ነበርኩ።

ኤርፖርት የታክሲ ተራ ሲያዝ ሁለት ሦስት ሰዓት ከሬዲዮ ጋር መቀመጥ ነው። እንግሊዝኛዬን ያሻሻልኩት በዚያ ሬዲዮ ነው፤ ከቋንቋው ጋር ጥርጣሬውንም አብሬ ወሰድኩ። በየካቲት 2015 የኦክላሆማው ሴናተር ጂም ኢንሆፍ ምድር አልሞቀችም ለማለት የበረዶ ኳስ ይዞ ሴኔት ውስጥ ሲወረውር፣ እኔ የተቀበረ ጎማዬን በአካፋ እቆፍር ነበርና «እውነቱን ነው» አልኩ። ያ ዓመት ሲያልቅ ምድር እስከዚያ ድረስ ከተለካባት ዓመት ሁሉ የበለጠ ሞቃት ሆነ። እኔ ግን የማውቀው የመኪና ማቆሚያዬን ቅዝቃዜ ብቻ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ክርክር አይደለም። ሪቻርድ ሙለር የሚባል የበርክሌይ የፊዚክስ ሊቅ ታሪክ ነው። ይህ ሰው እንደኛ ተጠራጣሪ ነበር፤ ቴርሞሜትሮቹ ከተማ ውስጥ፣ አስፋልት አጠገብ ስለሚተከሉ አሳስተዋል ብሎ ያምን ነበር። ከኛ ከታክሲ ተራ ሰዎች የሚለየው፣ ተጠራጥሮ አለመቀመጡ ነው። የዓለምን የሙቀት መዝገብ ሰብስቦ እንደ አዲስ ቆጠረው። ከገንዘቡ ከፊሉ የመጣው በነዳጅ ከበለጸገው ከቻርልስ ኮክ ፋውንዴሽን ነበር። በ2012 ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ፣ ሙቀቱ በእርግጥ ጨምሯል፣ ምክንያቱም ከሞላ ጎደል የሰው ሥራ ነው አለ። በኛ አገር ችሎት አንድ ወገን የቆጠረው ምስክር ለባላጋራው ሲመሰክር ዳኛው ብዕሩን ያነሳል። እኔም አነሳሁ።

ጋሼ ደረጀ «የምታሞቀው ፀሐይዋ ናት» ስላለው፣ ለሱ በሚገባው መንገድ እንዲህ በይው። ጋቢ ደርቦ የተኛ ሰው ከጋቢው በታች ይሞቀዋል፤ ሙቀቱ ስለታፈነ ከጋቢው በላይ ያለው አየር ግን ይቀዘቅዛል። ፀሐይ በርትታ ቢሆን ኖሮ ከላይም ከታችም ይሞቅ ነበር። ሳተላይቶችና ፊኛዎች የለኩት የመጀመሪያውን ነው፤ እኛ የምንኖርበት የታችኛው አየር ይሞቃል፣ የላይኛው ንብርብር ይቀዘቅዛል። ፀሐይዋም ራሷ ከ1978 ጀምሮ ከጠፈር ስትለካ ኖራ እየበረታች የመጣችበት ምልክት የለም። ጋቢው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ውፍረቱም ይታወቃል። ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል ሳይንቲስት በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት ሲጀምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ ከሚሊዮን 315 ያህል እጅ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ነገሩን የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ፈጠረው ለሚሉት ደግሞ፣ ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ካርቦን ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው በ1896 ነው፤ እምዬ ምኒልክ አድዋ ላይ ባሸነፉበት ዓመት። ይህችን ለማኅበሩ አስቀምጫት ነበር፣ ሳልተነፍሳት ቀረሁ።

አንድ ነገር ግን ላርምሽ። በዚያ ቀን «አጎቴ አድአ ላይ ወባ መጣብን ብሏል» ብለሽ እንደ ማስረጃ ጠቅሰሻል። እውነት ነው፣ ብሏል። አባታችን «ወባ ዳገት አትወጣም» እያለ በየረር ግርጌ አሳድጎናል፤ አሁን እዚያው ቤት አጎበር ተሰቅሏል። ነገር ግን የጋሼ ደረጀ በረዶ ማስረጃ ካልሆነ የወንድሜ ወባም ብቻዋን አትሆንም። ሁለቱም በመስኮት የታዩ ናቸው። በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ግን ሌላ ነው። የደብረ ዘይትን አካባቢና የኮሎምቢያን አንቲዮኪያ የዓመታት የወባ መዝገብ ከሙቀቱ ጋር አስተያይቶ፣ ሞቃት ዓመት ሲመጣ ወባ ወደ ከፍታው እንደምትወጣ፣ ቀዝቀዝ ሲል እንደምትወርድ አሳይቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ወንድሜን ተዪውና ይህን ጥቀሺ።

ደግሞ ጋሼ ደረጀን «ያልተማረ» ብለሽ ለእናትሽ መናገርሽን ሰምቻለሁ። ሰውየው አካውንታንት ነው፤ ያንቺን የትምህርት ቤት ብድር ፎርም ማን ሞላው? እዚህ አገር በ2012 በወጣ አንድ ጥናት እንኳ፣ ስለ ሳይንስ በደንብ የሚያውቁት ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተቀራርበው ሳይሆን ጭራሽ ተራርቀው ነው የተገኙት። ብልህ ሰው ወገኑን የሚደግፍበት ምክንያት አያጣም። ወገኑ ራሱ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እኔ ዜግነት አግኝቼ መጀመሪያ በመረጥኩበት በ2008፣ ዴሞክራቱ ኦባማም ሪፐብሊካኑ ማኬይንም ሁለቱም የካርቦን ልቀት ይገደብ የሚሉ ነበሩ። ሪፐብሊካኑ ኒውት ጊንግሪች ከዴሞክራቷ ናንሲ ፔሎሲ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለዚሁ ጉዳይ ማስታወቂያ ሠርቷል። ያ ሶፋ ዛሬ የትኛው ጋራዥ ውስጥ እንዳለ እንጃ። ከዚያ በፊትም የኤክሶን ነዳጅ ኩባንያ የራሱ ሳይንቲስቶች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙቀቱ እንደሚጨምር ተንብየው ነበር፤ ትንበያቸው ትክክል እንደነበር በ2023 ተመርምሮ ታትሟል። ኩባንያው በአደባባይ ይናገር የነበረው ግን ሌላ ነው። ጥርጣሬ የሚሸጥ ካለ የሚገዛ አይጠፋም፤ እኔም በታክሲዬ ውስጥ በነፃ ወስጃለሁ።

ጋሼ ደረጀን ግን ሻጩ ብቻ አላሳመነውም። እሱ የወሎ ልጅ ነው፣ የኮረም። በ77 ዓመተ ምሕረት መስከረም፣ እናንተ 1984 በምትሉት፣ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ አበባ በመብራትና በሰንደቅ አጊጣ ነበር። ሬዲዮው ሰልፍና ዘፈን ነበር። እሱ በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቱን ቀብሯል። ይህን ለማንም አያወራም፤ ለኔ የነገረኝ ቤዝመንቱ ውስጥ፣ አንድ ሌሊት ነው። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን ዝናብ ዘነበ ቢለው እጁን አውጥቶ ካልረጠበ አያምንም። ይህን ጥርጣሬ አከብረዋለሁ። የማልቀበለው ፍርደ ገምድልነቱን ነው፤ ሺህ ሳይንቲስትን ሲጠራጠር፣ ዩቲዩብ ላይ ኮፍያ አድርጎ የሚጮኸውን ሰውዬ ግን ማን ይከፍልሃል ብሎ አልጠየቀውም። እማማ አስካለን ደግሞ አትከራከሪያቸው። እሳቸው ጥፋቱ የሰው ነው ብለዋል፤ ከጋሼ ደረጀ ይልቅ ላንቺ ይቀርባሉ።

አንድ ነገር ብቻ እልህ ያስይዘኛል። ጋሼ ደረጀ «ፈረንጅ ባጠፋው እኛ ለምን እንቀጣለን?» ማለትም ይወዳል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መላው አፍሪካ በዓመት የሚለቀው ከዓለም ካርቦን ከመቶ አራት እጅ ገደማ ነው። መለስ ዜናዊ በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የአፍሪካ ተደራዳሪዎችን መርቶ ገንዘብ የጠየቀው ይህን ይዞ ነው። ታዲያ ሰው አላደረገውም ካልን ባለዕዳው ማን ነው? ጥፋቱን ራሳችን ክደን፣ ካሣ ክፈሉን ብለን ችሎት ልንቆም ነው? በአንድ ምላስ ሁለቱን ማለት አይቻልም። ይህን ለሱ አልነገርኩትም ነበር።

አልነገርኩትም። የናደድሽብኝ ለዚህ ነው፣ ልክ ነሽ። ከቤታችን ሃያ ደቂቃ የሚርቀው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከዬል ጋር ሆኖ አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ምን እንደሚያስቡ ከ2008 ጀምሮ ይጠይቃል። ከአሥር ሰው ሰባቱ ያህል ሙቀቱ መጨመሩን ያምናል፣ ስድስቱ ያህል ዋና ምክንያቱ ሰው ነው ይላል፣ ጨርሶ የማይቀበለው አንድ ገደማ ነው። ታዲያ ከሦስት ሁለቱ ያህል ስለዚህ ጉዳይ ከቤተሰብና ከወዳጅ ጋር ብዙም ወይም ፈጽሞ አናወራም ይላሉ። አንዱ ይናገራል፣ ስድስቱ ዳቦ ይቆርሳሉ። የኛን ማኅበር ቆጠርኩት፤ የጋሼ ደረጀን ሐሳብ በልባቸው የሚይዙ ከሁለት አይበልጡም። አንቺ ግን ከቤቱ ስትወጪ ሃያ ሰው የተቃወመሽ መስሎሽ ነው የወጣሽው።

ትናንት ማታ ለጋሼ ደረጀ ደወልኩለት። «ልጅቷ ትክክል ናት፣ እኔም እንደሷ ነው የማምነው» አልኩት። «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። ዓመታት መሆኑን ስነግረው ዝም አለ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቀልድ የምትስቀው ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የጋቢውን ነገር ስነግረው «ጋቢ ሌላ፣ ሰማይ ሌላ» ብሎ ዘጋው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሶ ደውሎ ያ ኪሊንግ ያልከው ሰውዬ ስሙ በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚጻፈው አለኝ፤ ልመን ብሎ ይሁን ስህተት ሊፈልግበት አላውቅም።

የሚያዝያው ማኅበር እኛ ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ ግቢ፤ እሑድ ጠዋት ድፎ ዳቦውን ከእናትሽ ጋር ትጋግራላችሁ። የሽሮውን ዕቃ መልሽ፣ እናትሽ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። የኋላ ጎማሽንም ከብላክስበርግ ሳትነሺ አስነፊው።

አባትሽ