አልነሳ ያሉ ኮምፒውተሮች፦ የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘገባውን በመልካሙ ዜና ልጀምር አስቤ ነበር። ነገር ግን የክበባችን የዓመቱ ሥራ መልኩን የያዘው ከአንድ ጥፋት በኋላ ስለሆነ እርሱን ማስቀደም ይገባኛል።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ጠዋት ሲበራ በጥቁር ገጽ ላይ የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ መልእክት ጽፎ ቆመ። ወደ ክበቡ ክፍል ሲመጣ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» አሉ። እኔም ተስማማሁ። የመጫኛ ፍላሻችን በቀድሞው የኮምፒውተር አነሳስ ስልት የተዘጋጀ ስለነበረ ወደ ባዮስ፣ ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ ወደሚሠራው ፕሮግራም፣ ገብተን ማሽኑ በዚያ ስልት እንዲነሳ አስተካከልነው። ከዚያም በዲስኩ ላይ የነበሩትን ክፍልፋዮች በሙሉ አጥፍተን ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንን። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሥራ ጀመረ፤ ተጨባበጥን። በማግስቱ ጠዋት ያው ጥቁር ገጽ፣ ያው መልእክት ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱን ያገኘችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «መምህር፣ ቀኑን ይመልከቱት» አለችኝ። ባዮሱ ላይ የሚታየው ቀን ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ነበር። በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚገናኙበት ዋና ሰሌዳ) ላይ የምትቀመጠው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው፣ አልቃለች ማለት ነው። ይህች ባትሪ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ሲለይ ሰዓቱንና የባዮሱን ቅንብር ትጠብቃለች። የቤተ መጻሕፍቱ መብራት ማታ ከዋናው ማብሪያ ስለሚጠፋ ማሽኑ በየሌሊቱ ቅንብሩን እየረሳ ፋብሪካው ወደ ሰጠው መነሻ ይመለስ ነበር። መነሻው ዩኢኤፍአይ የሚባለውን አዲሱን ስልት ብቻ የሚከተል ሲሆን በዲስኩ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ግን በቀድሞው ስልት የተጫነ ነው። ዲስኩ ጤነኛ፣ ዊንዶውሱም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ሊገናኙ አልቻሉም።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ባዮሱን ባስተካከልንበት ቅጽበት ፍላሹን ነቅለን ማሽኑን ብናስነሳው ኖሮ አሮጌው ዊንዶውስ የያዘውን ሁሉ እንደያዘ ይከፈት ነበር። እኛ ግን አጠፋነው። አብሮት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተቀመጡ ያስገቡት የመጻሕፍት ዝርዝር ጠፋ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሞከርን፤ አዲሱ ዊንዶውስ በአሮጌው ቦታ ላይ ጽፎበት ስለነበረ ከቁርጥራጭ በቀር አልተገኘም። ክበቡ በሙሉ ሄዶ ኃላፊዋን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ አባላቱ እየተፈራረቁ፣ ከመደርደሪያ መጽሐፍ እያወረዱ፣ ዝርዝሩን መልሰው እስኪጨርሱ ድረስ ሌላ ማሽን አልነኩም። ይህን የወሰኑት ራሳቸው ናቸው።

ወደ ጥገናው ስንመለስ አንድ ትልቅ ደብተር ይዘን ነበር። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ምን አየን፣ ምን አደረግን፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለውጦ ማሽኑ ከተነሳ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅምና። የመጀመሪያው ጥያቄም «ምን እንጫንበት?» መሆኑ ቀርቶ «የት ላይ ቆመ?» ሆነ።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የኮምፒውተርን አነሳስ እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ አድርገን አጠናነው። ፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሪኩን ለማዘርቦርዱ ያቀብላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም ራሱን፣ ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታና ሌሎቹን ክፍሎች ይፈትሻል፤ ቀጥሎ ማስነሻ ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል። ዲስኩ ላይ ያለው ትንሽ ማስነሻ የስርዓተ ክወናውን (ለምሳሌ የዊንዶውስን) አስኳል ይጠራል፤ አስኳሉ የቀረውን ሁሉ ያነቃል። ዱላው የወደቀው በማንና በማን መካከል ነው? ንፋስ መስጫው ካልዞረ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነና ማሽኑ ጲጵ የሚል ድምፅ ካሰማ ወደ ራሙና ወደ ስክሪን ካርዱ እንሄዳለን። የአምራቹ ምልክት ታይቶ የዲስክ አልተገኘም መልእክት ከመጣ ባዮሱን፣ ገመዱንና ዲስኩን እናያለን። የዊንዶውስ ምልክት ታይቶ ከዚያ ወዲያ ከቆመ ብቻ ስለ ዊንዶውስ እንናገራለን። የጲጵታው ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የየማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት የግድ ነው፤ ይህን ያላደረጉ ሁለት አባላት ጤነኛ የስክሪን ካርድ ሲፈቱ ውለዋል።

ተማሪዎቹን ከሁሉ ይበልጥ የሳባቸው በቀድሞው ስልት የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል 512 ባይት ብቻ መሆኑ ነው። 446ቱ የማስነሻው ትእዛዝ፣ 64ቱ የዲስኩ አከፋፈል ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ደግሞ ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን በሰሌዳው ላይ በሣጥን ሣጥን አድርጎ ሲሥል ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ያን ሁሉ መሸከሙ ያስደንቃል፤ እኔም ከዓመታት በኋላ እንደ አዲስ ተደነቅሁ።

ከደብተሩ የምረዳው አብዛኛው ብልሽት ቀላል እንደነበረ ነው። ራም ከቦታው ተንሸራቶ ወይም ጫፉ አቧራና ዝገት ይዞ ማሽኑ ጨለማ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መድኃኒቱ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ የብረት አካሉን ነክቶ፣ የራሙን ወርቃማ ጫፍ በንጹሕ ላጲስ በቀስታ አሽቶ፣ ብናኙን ጠርጎ፣ ማያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ መልሶ መጫን ነው። አንዱ ማሽን አልነሳ ያለው ከጀርባው ባዶ ፍላሽ ተሰክቶ ስለተረሳበትና ማሽኑም ከዲስኩ አስቀድሞ ፍላሹን ስለሚፈልግ ነበር። የአንዲት የሥራ ባልደረባችን ላፕቶፕ ደግሞ የባዮሱ ቅንብር ከተነካ በኋላ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈውን የቢትሎከርን መክፈቻ ቁጥር፣ 48 አሃዝ ያለውን፣ ጠየቀ። በዓመቱ መጀመሪያ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ፎርማት እናደርገው ነበር። አሁን ግን ልጆቹ እጃቸውን ሰብስበው «በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ እባክዎ ይመልከቱ» አሏቸው። እዚያው ተገኘ።

ስለ አንድ ዲስክ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች የያዘ ኮምፒውተር አመጣ። ሃርድ ዲስኩ ኳ፣ ኳ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ እያንዳንዱ ደቂቃ ሥራ ወደ ሞቱ ሊያቀርበው ስለሚችል የዲስክ ፍተሻና ጥገና ፕሮግራም ማስኬድ ጉዳት ያመጣል። አባላቱ ኡቡንቱን፣ ሊኑክስ ከሚባለው ስርዓተ ክወና ዓይነቶች አንዱን፣ በዲስኩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነሱ፤ የዊንዶውሱን ክፍልፋይ ለማንበብ ብቻ ከፈቱት፤ ከዚያም ፎቶግራፎቹን ብቻ አስቀድመው ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጡ። መካከሉ ላይ ሲደርስ ቅጂው ቆመ። ማንም አልተናገረም። ጥቂት ቆይቶ ቀጠለ። ከጥቂት ፋይሎች በቀር ሁሉም ወጣ። ልጁ እናቱን ስልክ ደውሎ ሲነግራት እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ቆምሁ። ዊንዶውስን በአዲስ ዲስክ ላይ የጫንነው ከዚያ በኋላ ነው።

እንደ አዲስ መጫን ራሱ መጥፎ አይደለም፤ ተራውን ሲጠብቅ ጥሩ መድኃኒት ነው። በዚህም ቢሆን የተማርነው አለ። የወረደው የመጫኛ ፋይል ሙሉ መሆኑ 64 ፊደልና ቁጥር ባለውና ከፋይሉ ይዘት በሚሰላው የሻ 256 ማረጋገጫው ይመሳከራል፤ ሳናመሳክር የጫንነው አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ስሕተት እያለ ሦስት ጊዜ መልሶናል። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ ዋናው የመጫኛ ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። መጫኛው የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር የሚባለው የቀድሞው ዓይነት ስለሆነ አልጭንም ሲል ልጆቹ ዲስኩን ለማጥፋት አይቸኩሉም፤ ፍላሹ በየትኛው ስልት እንደተነሳ መጀመሪያ ያያሉ። የኔትወርክ ድራይቨሩንም (የኔትወርክ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) አስቀድመው በፍላሽ ያስቀምጣሉ።

የክበቡ ረጅሙ ክርክር በአሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ ከማሽኖቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን አያሟሉም። ከፊሉ ተማሪ ጥያቄውን የሚያልፍ ዘዴ ፈልገን ዊንዶውስ 11ን እንጫን አለ፤ ከፊሉ ሊኑክስ ይሁን አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርሁ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን የጀመረው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ መሆኑን ስነግራቸው ግን የክርክሩ መንፈስ ተለወጠና የሁለቱም ወገን ልጆች ውስጡን ለማየት ተሰበሰቡ። በመጨረሻ አራት ማሽኖች ሊኑክስ ተጭኖባቸው ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ ውለዋል።

በዚህ ዓመት ያልተሳካልን የመለዋወጫ ነገር ነው። ጤነኛ መሆኑ የተረጋገጠ አንድ ፓወር ሰፕላይና ሁለት ራም ብቻ ለመሞከሪያ ቢኖረን ኖሮ ብዙ ሳምንት በግምት ባልጠፋ ነበር። ይህን ጥያቄ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር አቅርቤያለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። ቤታቸው የማይጠቀሙበት አሮጌ ማሽን ያላቸው ወላጆች ቢሰጡን ክፍሎቹን እንጠቀምባቸዋለን፤ ዲስኩ ላይ ያለውንም ባለቤቱ ሳያይና ሳይፈቅድ አናጠፋም።

የ12ኛ ክፍል አባላት ደብተሩን ለ9ኛዋ ክፍል ተማሪ፣ ቀኑን ላስተዋለችው፣ አስረክበዋል። የመጨረሻው ገጽ ግማሽ ነው። ማሽኑ ይበራል፣ ንፋስ መስጫው ይዞራል፣ ጲጵ አይልም፣ ስክሪኑም ጨለማ ነው። በ«ምን አደረግን» ሥር ራሙ፣ ባትሪውና ገመዶቹ ተራ በተራ ተጽፈዋል፤ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ሁሉም ቦታ «ለውጥ የለም» ይላል። ከእነርሱ ሥር በእርሷ እጅ «ፓወር ሰፕላዩን በሌላ መሞከር» የሚል መስመር አለ፤ ከፊቱ ያለው ቦታ ክፍት ነው።