ዕጢው ውስጥ ያለው ካንሰር ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጡት ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዕጢውን ከዳር እስከ ዳር የካንሰር ሴል አድርጋችሁታል። የኔ ውሎ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ከጡት ዕጢ የተወሰደ ስስ ቁራጭ ቀለም ገብቶ ሲታይ፣ የካንሰር ሴሎቹ ወይን ጠጅ መስለው በሮዝ ክሮች ተከብበው፣ መሃል መሃሉ ላይ ደግሞ የደም ሥሩም ነጭ የደም ሴሉም ተሰግስጎ ነው የሚገኘው። አንዳንዴማ የካንሰሩ ሴል በጎረቤቶቹ ይበለጣል።

ይህን ሁሉ ጎረቤት ማን ጠራው? ከጠሪዎቹ ዋነኞቹ ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ሰው ውስጥ ወደ 50 የሚጠጉ አሉ፣ ጥሪያቸውን የሚሰሙት፣ ሴሎች ላይ ያሉ ተቀባዮቻቸው ደግሞ 20 ገደማ። ነጭ የደም ሴል በደም ሥር ውስጥ እየተንከባለለ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ኬሞካይን ከነካው ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ተለጥጦ ቀጥኖ በግድግዳው ሴሎች መካከል ሾልኮ ይወጣና ጥሪው ወደበረታበት ያመራል። ጣታችን ሲቆረጥ የሚደርስልን በዚሁ መንገድ ነው።

ዕጢውም ይህን ጥሪ ይጠቀምበታል። ሲሲኤል2 የተባለውን ኬሞካይን እየለቀቀ ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ይስባል። እነሱም እዚያው ማክሮፋጅ ወደሚባሉ ዋጭ ሴሎች ይለወጡና፣ ካንሰሩን ይበላሉ ሲባሉ ጭራሽ አዲስ የደም ሥር እንዲያበቅል፣ ሴሎቹም ደም ውስጥ እንዲገቡ ያግዙታል። እሳት ሊያጠፋ መጥቶ እንጨት ማቀበል ማለት ይሄ ነው! ሲሲኤል22 የተባለው ኬሞካይን ደግሞ የሰውነት መከላከያውን ጥቃት የሚያበርዱ፣ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል። ሁሉም ክፉ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም፤ ሲኤክስሲኤል9 እና ሲኤክስሲኤል10 ካንሰር ገዳይ ቲ ሴሎችን ነው የሚያመጡት።

ካንሰሩ ሲሰራጭ ለምን አጥንትና ሳንባ እንደሚመርጥ በአንድ መስመር አልፋችሁታል። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፔጄት በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ የ735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ፣ ስርጭቱ እንዲያው በዘፈቀደ አለመሆኑን አይቶ፣ ዘር (የካንሰሩ ሴል) ተስማሚ አፈር (የሚያርፍበት የሰውነት ክፍል) ይፈልጋል ብሎ ነበር። በ2001 የወጣ ጥናት ደግሞ ከአፈሩ ምስጢር አንዱን አሳየ፦ የጡት ካንሰር ሴሎች ሲኤክስሲአር4 የተባለውን ተቀባይ ይዘው ይዞራሉ፤ የሱ ጠሪ ሲኤክስሲኤል12 በብዛት የሚገኘው ደግሞ ሳንባ፣ ጉበት፣ የአጥንት መቅኔና ንፍፊት ውስጥ ነው።

«ታዲያ ጥሪውን በመድኃኒት መዝጋት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ! በ2014 የታተመ የአይጥ ሙከራ አለ። ሲሲኤል2 ሲታገድ ሞኖሳይቶቹ መቅኔ ውስጥ ታገቱ፣ የካንሰሩ ስርጭትም ቀነሰ። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን የታገቱት ግር ብለው ወጡ፣ ካንሰሩ ሳንባ ላይ ተስፋፋ፣ አይጦቹም ቶሎ ሞቱ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ «አዲስ መድኃኒት ተገኘ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ሲቋረጥስ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁልን።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ሥዕል ደግሞ፣ ያ ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን የተንሳፈፈው ባለ እሾህ ኳስ፣ ቢቀየር ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ