እማዬ፣ ሳልሽ በስልክ ይሰማል

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው በስልክ የጀመርኩልሽን ሳልጨርስ ቀረሁ። «ቬንትሌተር አብርተህ ስለምትተኛ ነው» ስትዪኝ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ይኸው ጻፍኩልሽ፣ የእህቴ ልጅ ታነብልሻለች።

የደበቅኩሽ ነገር አለ። ከጥምቀት ማግስት ጉንፋን ያዘኝ፣ ጉንፋኑ ለቀቀኝ፣ ሳሉ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልለቀቀኝም። ቀን ደህና እውልና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይቀሰቅሰኛል፣ ደረቴ ያፏጫል፣ ትራሴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቁጭ እንዳልኩ ይነጋል። ስትደውዪ ሳሉ ከመጣብኝ ድምፁን አጠፋና ስዬ ስዬ እመለስ ነበር። አንቺ ኔትወርክ ይመስልሽ ነበር።

ዝንጅብሉንም ማሩንም ሞክሬአለሁ። ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ያለ ማዘዣ ገዛሁ፣ ሲያልቅ ደገምኩ። ሻጩ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» እንኳ አላለኝም። ይሄ እስካሁን ያበሳጨኛል፤ መድኃኒቱ ለእኔ ሳል የሚሠራው ነገር አልነበረም፣ እኔ ግን እየታከምኩ መስሎኝ ቀኑን አቃጠልኩ።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ ጀርባዬን አዳመጠችና 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል መጀመሪያ አክታው መመርመር አለበት አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። አንቺ ስሙን ጮክ ብለሽ የማትጠሪው በሽታ ነው፣ ቲቢ። ነጻ ነኝ። ራጁም ንጹሕ ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቱቦ በኃይል አስነፋችኝ፣ ፓፍ የሚሉትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና አስነፋችኝ፤ ቁጥሩ ከፍ አለ። አስም ነው። የአየር ቧንቧው ያብጥና ይጠባል፣ ጉንፋንና አቧራ ያስነሱታል፣ የድሬን አቧራ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። አሁን ጠዋትና ማታ የምስበው ፓፍ አለኝ፤ ስቤ እስከ አስር ቆጥሬ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ከዚያ አፌን እጉመጠመጣለሁ። ይሄው ከሳምንት በላይ ሌሊቱን ሙሉ እየተኛሁ ነው። ለእኔ አታስቢ።

የጻፍኩት ስለ አንቺ ነው። ሐኪሟ «ቤተሰብ ውስጥ የሚያስል አለ?» ስትለኝ ወዲያው «የለም» አልኳት። ትዝ ያለኝ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር። አንቺ እኮ ታስያለሽ! ልጅ ሆኜ ለመድኃኔዓለም ኪዳን መነሳትሽን የማውቀው በሳልሽ ነበር። እሱን ስሰማ እናቴ አለች ብዬ መልሼ እተኛለሁ። እንደ በሩ ሲጥታ ለምጄው፣ በሽታ ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ለቀጠሮ ስመለስ ነገርኳት። ስንት ዓመት በእንጨት እንጀራ እንደጋገርሽ፣ ማድ ቤታችን መስኮት እንደሌለው ሁሉ። ሲጋራ ቀምሳ የማታውቅ ሴት በማገዶ ጭስ ብቻ ሳንባዋ ሊጎዳ እንደሚችል የሰማሁት ያኔ ነው። ከገበያ ስትመለሺ መንገድ ላይ ሦስቴ የምታርፊው እርጅና ነው ትያለሽ። እኔ እንጃ እማዬ። ይታይ።

ደግሞ ያለፈው እሁድ ስልኩን ከአፍሽ አርቀሽ ስታስዪ ሰማሁሽ። ልክ እኔ የማደርገውን ነው ያደረግሽው።

እሁድ ማታ ሐረር እገባለሁ፣ ለሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጠዋት ሕይወት ፋና ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። ጾሙ ይፈታና እንዳትዪኝ፤ አክታ መስጠትና ራጅ መነሳት ጾም አይገድፍም። የምትፈሪው ነገር ቢሆን እንኳ በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱት ይድናል። ጎረቤት ይሰማል ብለሽም አትጨነቂ፣ ለማንም አንናገርም። የጭሱ ጉዳት ከሆነም ትንፋሽሽን የሚያቀልልሽ ፓፍ አለ፣ አሳሳቡን እኔ አሳይሻለሁ።

እስከዚያ ቡናውን ደጅ ቁዪው። ዕጣኑንም ለጊዜው ተዪልኝ። ስደውልልሽ ደግሞ ስልኩን አታርቂው፣ ሳልሽን ልስማው።

ልጅሽ፣ ከድሬ