መጀመሪያ ስለ ቀዳዳው ወስን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታችን በጣም ረዘመ፤ ናፍቀኸኛል። ሰሞኑን እህትህን አግኝቻት የኮሮላህን ስፖይለር፣ የኋላ ኮፈኑ ላይ ያለውን ክንፍ፣ ልታወርድ እንዳሰብክ ብትነግረኝ፣ ሳትጀምር ይድረስልህ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ስፖይለሩን ማውረድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከባዱ ከሥሩ የሚቀረው ቀዳዳ ነው። ከፋብሪካ የመጣ ስፖይለር አብዛኛውን ጊዜ በማጣበቂያ ብቻ አይቆምም፤ የኋላ ኮፈኑ ላሜራ ተበስቶ ቡሎኖቹ ያልፉና ከውስጥ በዳዶ ይታሰራሉ። የፍሬን መብራት ካለው ለሽቦውም ሌላ ቀዳዳ አለ። ስለዚህ አንድም ዳዶ ሳትፈታ ቀዳዳዎቹን ምን እንደምታደርጋቸው ወስን።

አንደኛው መንገድ ስፖይለር ኖሮት የማያውቅ ኮፈን ፈልጎ መቀየር ነው። የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ወርደህ በሞዴልህና በቀለምህ ካገኘህ እሰየው። ቀለሙ ባይገጥም እንኳ ያልተበሳ ላሜራ ማስቀባት የተበሳውን ከማስበየድ ይሻላል። ስትገዛ የታችኛውን ጠርዝ ዳስሰው፤ ላሜራው የታጠፈበት ቦታ ውሃ ስለሚይዝ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ማግኔትም በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ላዩ ላይ አስኪድ፤ ማግኔቱ የሚለቅበት ቦታ ካለ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ሊጥ) አለና ተወው። ሁለተኛው ቀዳዳዎቹን አስበይዶ ኮፈኑን ሙሉ ማስቀባት ነው። ሦስተኛው በልኩ የላስቲክ መድፈኛ መክተት ነው። መድፈኛው ለዓይን ይታያል፤ ግን ርካሽ ነው፣ ሐሳብህን ብትቀይርም ስፖይለሩ ይመለሳል።

ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልተን እንቀባልህ የሚልህ አይጠፋም። እባክህ እሺ አትበል። ስቱኮ የሚይዘው ላሜራ ላይ ተለጥፎ ነው፤ ቀዳዳ ላይ ከሥሩ የሚደግፈው የለም። ኮፈኑ በተዘጋ ቁጥር ይመታል፣ ከጀርባውም እርጥበት ይጠጣል። መጀመሪያ በቀዳዳው ዙሪያ ክብ ስንጥቅ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ያብጣል፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ዝገቱ ከሥር እየሰፋ ነው።

ለማውረዱ መኪናዋን በደንብ እጠብ፤ ጠርዙ ላይ የቀረ አሸዋ ቀለሙን ይቧጭራል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ከኮፈኑ ውስጥ ልባስ ካለ አውጣ፣ የፍሬን መብራቱን ሶኬት ንቀል። ዳዶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የ10 ናቸው፤ ረጅም ቡሶላ ከማራዘሚያ ጋር ያስፈልግሃል። ቡሶላው ዳዶውን ይዞ እንዲወጣ ውስጡ ትንሽ ፕላስተር ለጥፍ፤ ዳዶ ኮፈኑ ሆድ ውስጥ ከወደቀ ሲንኳኳ ይኖራል። የዛገውን ዝገት ማላቀቂያ ረጭተህ 15 ደቂቃ ጠብቀው። በጉልበት ከሄድክበት ቡሎኑ ከፕላስቲኩ ተላቆ አብሮ ይዞርና መፍቻ ያጣል።

ዳዶው ሁሉ ተፈትቶም ስፖይለሩ አይነሳም፤ ጫፎቹ በሁለት ወገን በሚጣበቅ የስፖንጅ ፕላስተር ተይዘዋል። ብዙ ቀለም የሚበላሸው እዚህ ላይ ካቻቢቴ ሲነሳ ነው። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ደራርበህ ሸፍን። ማጣበቂያውን በፀጉር ማድረቂያ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳትቆም አሙቀው፤ 50 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም እጅህ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ከሥሩ አስገብታችሁ ሁለት ሰው ሆናችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ክሩ ቡሎን ጋ ሲቆም አውጥታችሁ ከሌላው ወገን ጀምሩ። ሲለቅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሳ፤ ወደ ጎን ከተንሸራተተ የቡሎኖቹ ጫፍ ቀለሙን ይፍቀዋል። የቀረውን ማጣበቂያ እያሞቅክ በአውራ ጣትህ አንከባለው፣ ትራፊውን ጨርቅ ላይ ባለ ነጭ ጋዝ አንሳ፣ በመጨረሻ በአልኮል ጥረግ። ቲነር አታስጠጋ፤ መኪናዋ አንድ ጊዜ በናይትሮ ቀለም ተቀብታ ከሆነ ቲነሩ ያሟሟዋል።

ሲጸዳ የስፖይለሩ ቅርጽ ኮፈኑ ላይ ታትሞ ታያለህ። ከሥሩ የነበረው ቀለም ፀሐይ ስላልነካው ደህና ነው፤ የደበዘዘው ዙሪያው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ በቀለም ላይ ትበረታለች። ስለዚህ ፖሊሹ ለዙሪያው ነው። መጀመሪያ ግን ቀለምህ ክሊር (ከላይ የሚቀባ ቀለም አልባ ሽፋን) እንዳለው ፈትን፦ ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርገህ ስውር ቦታ ላይ እሸው። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም፤ እንዲህ ያለው ደብዝዞም በፖሊሽ ጥሩ ይመለሳል። ክሊር ካለውና መላጥ ከጀመረ ግን ፖሊሽ አያድነውም፣ መቀባት አለበት።

በስፖይለሩ ጠርዝ ልክ የቀረውን መስመር በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህ ካልያዘው በቁጥር 2000 ከዚያም በ3000 ብርጭቆ ወረቀት፣ ሳሙና ባለው ውሃ በቀስታ እሸው፤ ቀጥሎ በፖሊሽ ማሽን በደቂቃ ከ1200 እስከ 1500 ዙር ጨርሰው። ጥፍርህ ከያዘው አትከተለው። የፋብሪካ ቀለም ከነአንቲረስቱ (ከሥር ከሚቀባው የዝገት መከላከያ) ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፣ ክሊሩ ደግሞ የዚያ ሲሶ ያህል ብቻ። የኮፈኑ ማዕዘኖች ላይ ከዚያም ይሳሳል፤ በፕላስተር ሸፍናቸው።

ብየዳውን ከመረጥክ ባለሙያው በሲኦቱ (በጋዝና በቀጭን ሽቦ በሚሠራው የኤሌክትሪክ ብየዳ) ይበይድ። ላሜራው ከ1 ሚሊሜትር ስለሚያንስ የኦክሲጅን እሳት ያጣምመዋል። በቀዳዳው ልክ ክብ ላሜራ ተቆርጦ፣ ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ በየመሃሉ እየቀዘቀዘ ይያዝ። ከሞረዱ በኋላ ስቱኮው ከ2 ሚሊሜትር አይብለጥ። ብዙ ሰው የሚረሳው የውስጡን ገጽ ነው፤ ብየዳው ያቃጠለው ቦታ ተጠርጎ አንቲረስት ካልተቀባ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ይመጣል። ቀለሙ ኮፈኑን ሙሉ ይሸፍን፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ብቻ ከተረጨ ጠርዙ ይታያል። የቀለሙ ኮድ ስም ሰሌዳው ላይ ሲ/ቲአር (C/TR) ከሚለው አጠገብ አለ፣ ለምሳሌ ነጩ 040፣ ብርማው 1ኤፍ7 (1F7)። ሆኖም ኮዱ የሚሰጥህ መኪናዋ አዲስ ሳለች የነበራትን ቀለም ነው። ቀለሙ ከመበጥበጡ በፊት የኋላ ጎኖቿን ፖሊሽ አስደርግ፣ ማመሳሰሉም ከነሱ ጋር በቁራጭ ላሜራ ተሞክሮ ይሁን።

የፍሬን መብራቱ ስፖይለሩ ላይ ከነበረ ከኋላ መስታወት ሥር ሌላ አስገጥም፤ ያለሱ አትንዳ። ክብደቱ ስለቀነሰም ኮፈኑ ሲከፈት በኃይል ሊወረወር ይችላል። ማንሻ ዘንጎቹ መያዣ ላይ ከአንድ በላይ ጥርስ ካለ ወደሚላላው ይዛወሩ፤ ዘንጎቹ በኃይል የተወጠሩ ስለሆኑ በባዶ እጅ አትሞክራቸው። አዲስ የተቀባ ኮፈን ላይ ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ሰም አታድርግ፣ ቀለሙ ገና ይተነፍሳል።

የቀዳዳዎቹን ስፋት በካሊፐር ለክተህ ከፎቶ ጋር ላክልኝ፤ የመድፈኛውን ልክ አብረን እንመርጣለን። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ ታደሰ