ጉና ላይ የዘነበው ዝናብ ሜዳው እስኪደርስ ያለው ሰዓት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በገባ ቁጥር የአየር ጠባይ ትንበያው በምዕራብ አማራ ነጎድጓዳማ ዝናብ እንደሚኖር፣ በአንዳንድ ቦታዎችም ከባድ ዝናብ ሊጥል እንደሚችል ይነግረናል። ትንበያው ትክክል አይደለም ለማለት አልተነሣሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተባለው ይደርሳል። የምጽፈው ማስጠንቀቂያው ለሜዳው ሰው በሚጠቅመው መልክ እንዲነገር ለመጠየቅ ነው።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ቢሆንም ተወልጄ ያደግሁት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከጉማራ ወንዝ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በእኛ አገር ክረምት ላይ ሰው የሚመለከተው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በስተምሥራቅ ያለውን የጉናን ተራራ ነው። ልጅ ሆኜ በአንድ የነሐሴ ቀን ከሰዓት በኋላ ጉና ላይ ጥቁር ደመና ቆሞ መብረቁ ብልጭ ሲል ይታየን ነበር፤ ድምፁ ግን አይደርሰንም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ስለነበረች እናቴ ብቅል አስጥታ ነበር። ሌሊት ውሻው አላስተኛ ብሎን ኩራዝ ስናበራ ውኃው መደቡን ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶታል፣ የብቅሉ ሰፌድም ቤት ውስጥ ተንሳፎ ምሰሶውን ይገጫል። አባቴ የጥጆቹን ገመድ በማጭድ ቆርጦ ለቀቃቸውና እኛን ቆጥ ላይ አወጣን። በዚያች ሌሊት በቤታችን ጣሪያ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ደራሽ ውኃ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ሲሆን ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። ርብና ጉማራ ይህን ሁሉ ቁልቁለት እየጋለቡ ከወረዱ በኋላ እንደ ምጣድ ከተዘረጋው ሜዳ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ የተሸከሙትን ደለል እዚያው ስለሚጥሉም የወንዙ ወለል እያደር ከፍ ይልና ውኃው ዳሩን ጥሶ ማሳና ቤት ውስጥ ይገባል። ጣና በሞላ ጊዜ ደግሞ ወንዞቹ መግቢያ ስለሚያጡ ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ በሰኔ ምንም የማያደርስ ዝናብ በነሐሴ መጨረሻ መንደር የሚያፈናቅለው በዚህ ምክንያት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ደምቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቀው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መፈናቀሉን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። በዚያው ክረምት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ድሬዳዋን በሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። እዚያም ሰውን የፈጀው ከላይ የዘነበ ዝናብ ነበር።

የመጠኑ አነጋገርም ለብዙው ሰው ግልጽ አይደለም። 30 ሚሊ ሜትር ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነውና፣ በአንድ ጥማድ ወይም ሩብ ሄክታር መሬት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር 3,750 ጀሪካን ይወጣዋል። ገበሬው እንዲህ ቢነገረው ከጉና ግርጌ ምን እንደሚመጣበት ራሱ ያሰላዋል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በዞን ስም ብቻ ሳይሆን በወንዝ ስም እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፤ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ እየተባለ። ከላይ ያሉ የዝናብ መለኪያዎች ጠባቂዎች ከባድ ዝናብ ባዩ ጊዜ መረጃውን ወደ ማእከል ከማስተላለፋቸው ጋር ከታች ላለው ቀበሌ በቀጥታ ስልክ ቢደውሉ፣ ከብት ለማሸሽና እህል ቆጥ ላይ ለመስቀል የሚበቃ ጊዜ ይገኛል። ውኃው ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚመጣና ሁሉም ሰው ስልኩን ከፍቶ ስለማያድር የቤተ ክርስቲያን ደወልና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ቢውሉ መልካም ነው፤ የሃይማኖት አባቶች ይህን እንደማይነፍጉን አምናለሁ።

ሐይቁ ዳር ላለነው ደግሞ የሰዓቱ ነገር ለየት ይላል። ተራራው ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጣና ላይና ባሕር ዳር ግን ነጎድጓዱ የሚያይለው በአመዛኙ በሌሊት ነው፤ ከየብስ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ሙቀቱን ይዞ ባደረው ሐይቅ ላይ ሲገናኝ እርጥቡን አየር ወደ ላይ ያነሣዋል። ማታ መረብ ጥሎ ሌሊት በታንኳ ለሚወጣ ዓሣ አስጋሪ «ነገ ዝናብ ይኖራል» የሚለው ቃል አይበቃውም። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ጊዜ ቆጥሮ ለሦስት ሴኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ማሰብን፣ ሠላሳ ሳይሞላ ከተሰማው ወደ ዳር መመለስን፣ ዳር ከደረሰም በኋላ ከብቸኛ ዛፍ ሥር አለመጠለልን ማታ ማታ በራዲዮ ቢነገረው ቤተሰቡ ሳይሰጋ ያድራል።

ጋዜጣችሁም በክረምት ወራት የጣናን የውኃ ከፍታና በጉና ዙሪያ የዘነበውን መጠን በየእትሙ ቢያወጣልን ሜዳው ላይ ያለ አንባቢ ወራቱን ሙሉ ይከታተለዋል። ሁሉም ወንዝ በአንድ ጊዜ አይቻልም ከተባለ ነሐሴ ሳይገባ በጉማራ ይጀመር።

አክባሪያችሁ
አንድ የፎገራ ተወላጅ፣ ከባሕር ዳር